ሳቅና ፌዝ፦ ስለ ጨዋታችን፣ ስለ ሰው ክብርና ስለ መቻቻል

መግቢያ



ከፍጥረታት ሁሉ የሚስቅ ሰው ብቻ መሆኑን የጥንቱ ፈላስፋ አርስቶትል ጽፏል። ሳቅ ከአእምሮ የሚመነጭ ነው፤ የሚጠበቀውንና ያልተጠበቀውን አነጻጽሮ ለመሳቅ ማስተዋል ያስፈልጋል። ስለዚህ ሳቅ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው። እንደ ሌሎቹ ስጦታዎቹ ሁሉ ግን ለመልካምም ለክፉም ሊውል ይችላል።

ዛሬ ይህን ርእስ የመረጥንበት ምክንያት አለን። ከሠላሳና ከአርባ ዓመታት በፊት በሠርግ ቤት፣ በቡና ላይና በሥራ ቦታ ማንም ሳይከፋበት ይነገር የነበረ ቀልድ ዛሬ በብዙ ሥፍራ ሰውን ያስቀይማል። በሌላ ብሔረሰብ አነጋገር፣ በአካል ጉዳተኛ አረማመድ፣ በመካን ሴት፣ እንደ ሌሎች ወንዶች ባልሆነ ወንድ ላይ የሚነገረው ጨዋታ «ይህ አይባልም» የሚል ተቃውሞ ይገጥመዋል። በውጭ ሀገር ያደጉ ልጆች ለዕረፍት ሲመጡ የአጎታቸውን ቀልድ ሰምተው ዝም ይላሉ፤ አጎትየውም «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ይገረማል። ከፊሉ ሰው «ዓለም ቁጡ ሆነች፤ መሳቅም ተከለከለ» ይላል። ከፊሉ ደግሞ «ለብዙ ዘመን ዝም ብለው የተጎዱት ዛሬ ተናገሩ» ይላል።

ክርስቲያን በዚህ መካከል የት ይቁም? አዲስ የመጣውን ሁሉ መቀበል ወይም አሮጌውን ሁሉ መጠበቅ መልስ አይሆንም። መመዘኛችን ዘመኑ ሳይሆን በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረው የሰው ልጅ ክብር ነው (ዘፍ. 1፡27)።

1. ሳቅ በቅዱስ መጽሐፍ

ቅዱስ መጽሐፍ ሳቅን የሚያውቀው ከአባታችን ከአብርሃም ቤት ጀምሮ ነው። ሣራ በእርጅናዋ ልጅ እንደምትወልድ በሰማች ጊዜ በድንኳኑ ደጃፍ ሆና በጥርጣሬ ሳቀች (ዘፍ. 18፡12)። ልጁ በተወለደ ጊዜ ግን እግዚአብሔር ራሱ እንዳሳቃትና የሰማም ሁሉ አብሯት እንደሚስቅ ተናገረች (ዘፍ. 21፡6)። ይስሐቅ የሚለው ስም ራሱ ከሳቅ የወጣ ነው። የተስፋው ልጅ ስሙ ሳቅ መሆኑ፣ የእግዚአብሔር ሕዝብ ሐዘንተኛ ፊት ይዞ እንዲኖር እንዳልተጠራ ያስተምረናል።

በዚያው ምዕራፍ ግን ሌላ ዓይነት ሳቅ እናገኛለን፤ ታላቁ ልጅ በታናሹ ላይ ይስቅበታል (ዘፍ. 21፡9)። ሐዋርያው ጳውሎስ ይህን ሲያስታውስ «ጨዋታ» አላለውም፤ ስደት አለው እንጂ (ገላ. 4፡29)። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በአንድ ምዕራፍ፣ ሁለት ሳቆች አሉ፤ አንዱ ከሰው ጋር የሚሳቅ፣ ሁለተኛው በሰው ላይ የሚሳቅ ነው። የዚህ ትምህርት ጠቅላላ ሐሳብ በእነዚህ ሁለት ቃላት፣ ማለትም «ከ»ና «በ» በሚሉት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

መጽሐፈ ምሳሌ ባልንጀራውን ጎድቶ «በጨዋታ ነው ያደረግሁት» የሚለውን ሰው የሚነድድ እሳትና ገዳይ ቀስት በየአቅጣጫው ከሚወረውር እብድ ጋር ያመሳስለዋል (ምሳ. 26፡18-19)። ቃሉ ከሺህ ዓመታት በፊት የተጻፈ ቢሆንም «ቀልዴን ነው» የሚለው ማመካኛ ያን ጊዜም የታወቀ እንደ ነበረ ያሳያል። የወንጀለኛው ሐሳብ ብቻ እንደማይመዘን፣ ፍላጻው የወደቀበት ሰው ቁስልም እንደሚመዘን ጠቢቡ ያመለክተናል። የእኛም አባቶች «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ያሉት ይህንኑ ነው።

ጌታችንም ፌዝን በራሱ ሥጋ ቀምሷል። ወታደሮቹ ከመስቀላቸው በፊት ቀይ ልብስ አለበሱት፣ የእሾህ አክሊል ደፉበት፣ በእጁ መቃ አስያዙት፣ በፊቱም ተንበርክከው እንደ ንጉሥ ሰላምታ ሰጡት (ማቴ. 27፡27-31)። ለእነርሱ ይህ የሥራ ድካም ማሳለፊያ ጨዋታ ነበር። በአቅመ ቢስ ሰው ላይ ተሰብስቦ መሳቅ ምን እንደሚመስል ለማየት የሚፈልግ ክርስቲያን ከዚህ የበለጠ ሥዕል አያገኝም።

ይሁን እንጂ ጌታችን ራሱ ለዛ ያለው ንግግር ይናገር ነበር። በዓይኑ ግንድ ተሸክሞ ከወንድሙ ዓይን ጉድፍ ሊያወጣ የሚሞክረው ሰው (ማቴ. 7፡3-5)፣ ትንኝን አጥልሎ ግመልን የሚውጠው ሰው (ማቴ. 23፡24) አድማጮቹን ፈገግ ሳያሰኙ አልቀሩም። ነገር ግን የጌታን ንግግር በሚገባ እናስተውል፤ የሚያነጣጥረው በግብዞችና በኃያላን ላይ ነው። ለምጻሙን፣ ዕውሩን፣ ሳምራዊቷን ሴት፣ ቀራጩን የሳቅ መሣሪያ ያደረገበት አንድም ቦታ የለም።

2. የቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ ትምህርት

ታላቁ መምህር ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ በ13ኛው መቶ ዘመን በጻፈው የነገረ መለኮት ድርሳን (ሱማ ቴዎሎጊካ) ስለ ጨዋታ በዝርዝር አስተምሯል። ሰውነት በሥራ እንደሚደክም ነፍስም በአሳብ ትደክማለች፤ የነፍስ ዕረፍት ደግሞ ደስታ ነው ይላል። ለዚህም ስለ ወንጌላዊው ቅዱስ ዮሐንስ የሚነገረውን ጥንታዊ ታሪክ ያነሣል። ሐዋርያው ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ሲጫወት ያዩ ሰዎች ቅር ተሰኙ። እርሱም ከመካከላቸው ቀስት የያዘውን ሰው ደጋግሞ እንዲስብ አዘዘው፤ ከዚያም ያለ ዕረፍት ቢሳብ ምን እንደሚሆን ጠየቀው። ሰውየው ቀስቱ እንደሚሰበር መለሰ። የሰውም መንፈስ ሁልጊዜ ተወጥሮ ከቆየ ይሰበራል አላቸው።

ቅዱስ ቶማስ ከዚህ ተነሥቶ ጨዋታ አዋቂነት በጎ ምግባር መሆኑን ያስተምራል። ይህን ምግባር አርስቶትል በግሪክኛ «ኤውትራፔሊያ» ብሎ ሰይሞታል። ምግባሩ በሁለት ጥፋቶች መካከል የቆመ ነው። በአንድ ወገን ወሰን የሌለው ዋዘኛ አለ፤ ለማሳቅ ሲል ነውርና የሰው ጉዳት አይገደውም። በሌላው ወገን ደግሞ ፊቱ የማይፈታ፣ የሌላውንም ደስታ የሚያጠፋ ኮስታራ አለ፤ ቅዱስ ቶማስ ይህንንም ጥፋት ነው ይላል። ስለዚህ «ከእንግዲህ ማንም አይሳቅ» የሚል ክርስቲያን ከቤተ ክርስቲያን መምህራን ጋር አይስማማም።

ፌዝን ግን ቅዱስ ቶማስ ከስድብ፣ ከሐሜትና ከነገር ማመላለስ ቀጥሎ በምላስ ኃጢአቶች መካከል መድቦታል። ልዩነታቸውን ሲያስረዳ፣ ተሳዳቢ የሰውን ክብር፣ ሐሜተኛ መልካም ስሙን፣ ነገር አመላላሽ ወዳጅነቱን ሲያጠፋ፣ ፌዘኛ ደግሞ ሰውን ለማሳፈር፣ የሕሊና ሰላሙን ለመንሣት ይሻል ይላል። የሰውን ጉድለት ወይም መከራ ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ መሳቂያ ማድረግ ያን ሰው ራሱን ከቁም ነገር አለመቁጠር ነውና፣ እንደ ሁኔታው ከባድ ኃጢአት ሊሆን ይችላል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም በቁጥር 2481 የሰውን ጠባይ በክፋት አጣምሞ በማሳየት ለማዋረድ የሚነገረውን ምጸት በስምንተኛው ትእዛዝ ላይ ከሚፈጸሙ በደሎች መካከል ይቆጥረዋል።

የቅዱስ ቶማስ ሞር ምሳሌ እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ይህ የእንግሊዝ ከፍተኛ ባለሥልጣን የነበረ ሰማዕት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1535 አንገቱ ሊቀላ ወደሚወላገደው መድረክ ሲወጣ፣ ለመውጣት ብቻ እንዲደግፉት፣ ለመውረዱ ግን ራሱ እንደሚያስብበት ለመኰንኑ እንደ ነገረው ተጽፏል። ሳቁ በራሱ ሞት ላይ እንጂ በገዳዮቹ ላይ አልነበረም። የቅዱሳን ጨዋታ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ተናጋሪው ራሱ ነው።

3. ቃል ሲለወጥ

«አባቶቻችን ሲሉት የኖሩትን ቃል ዛሬ ማን ከለከለው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የሚያስቀይም ቃልን መከልከል ግን ትናንት ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያዎችን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። በዚያ ዘመን ብረት ሠሪው ጠይብ፣ ሸማኔው ቁጢት በጣሽ፣ ቆዳ አልፊው ፋቂ እየተባለ ይናቅ ነበር፤ ሠራተኛው ሁሉ በሚሠራው ሥራ የሚሰደብበት ስም ነበረው። ንጉሡ ሁላችን ከአንድ አዳምና ከአንዲት ሔዋን የተወለድን መሆናችንን አስታውሰው፣ ሠራተኛውን የሚሰድብ እርሳቸውን እንደ ሰደበ እንደሚቆጠር አስታወቁ። ስድቡ ሀገሪቱን እጅ ሥራ የሚያሳጣት መሆኑንም ተረድተው ነበር። አዋጁ ንቀትን በአንድ ቀን አላጠፋም፤ እስከ ዛሬም በአንዳንድ ገጠር የሸክላ ሠሪ ልጅ ጓደኞቹ የሚያሾፉበት፣ በጋብቻም የሚገለልበት ሁኔታ አለ። ይሁን እንጂ ንግግሩ ነውር መሆኑን ሕዝቡ እንዲያውቅ መንገድ ከፍቷል። ጌታችን የጠራቢ ልጅ ተብሎ የተናቀ መሆኑን (ማቴ. 13፡55) የምናምን ክርስቲያኖች ይህን አዋጅ ከሁሉ ቀድመን ልንረዳው ይገባን ነበር።

ቤተ ክርስቲያንም በራሷ ጸሎት ውስጥ ይህን መንገድ ሄዳለች። በላቲን ሥርዓት በስቅለት ዓርብ ለአይሁድ በሚደርሰው ጸሎት ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየ ክህደትን የሚያመለክት ቅጽል ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ እ.ኤ.አ. በ1959 ይህ ቃል እንዲወጣ አዘዙ። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም ኦክቶበር 28 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. ባወጀው «ኖስትራ ኤታቴ» በተባለው ሰነድ በአይሁድ ላይ የሚደረገውን ጥላቻ ሁሉ ነቀፈ። በሀገራችንም ቤተ እስራኤላውያን ራሳቸው በማይወዱት ስም ይጠሩ፣ «ቡዳ» እየተባሉም ይፈሩና ይዘበትባቸው እንደ ነበር ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ። ዛሬ ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም መጥራት የተለመደ ሆኗል፤ ይህም መልካም ነው።

ስለ አካል ጉዳትና ስለ በሽታ የምንናገርበትም ቋንቋ እንዲሁ ተለውጧል። «ቆማጣ» ይባል የነበረው «የሥጋ ደዌ ተጠቂ»፣ «ደንቆሮ» ይባል የነበረው «መስማት የተሳነው» ይባላል። አንዳንዱ «ስሙ ቢለወጥ በሽታው አይለወጥ» ይላል። እውነት ነው፤ ቃሉን ለውጦ ልቡን ያልለወጠ ሰው ግብዝ ነው። ነገር ግን ልቡን የለወጠ ሰው የድሮውን ቃል ለመናገር አፉ እሺ አይለውም። ቃል ለልብ እንደ አጥር ነው፤ አጥር እርሻን አያበቅልም፣ የበቀለውን ግን ከከብት ይጠብቃል።

4. ፌዝ ወዴት ሊያደርስ ይችላል

ማንኛውም ቀልድ ወደ ደም መፍሰስ ያደርሳል ማለታችን አይደለም። ቀልድ ግን መንገድ ሊጠርግ እንደሚችል የሩዋንዳ ታሪክ ያስተምራል። በዚያች አብዛኛው ሕዝቧ ካቶሊክ በነበረች ሀገር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1993 ስርጭት የጀመረ አር.ቲ.ኤል.ኤም. የተባለ ሬዲዮ ጣቢያ ነበር። ወጣቱ የሚወደው ዘፈን፣ የመንደር ወሬና ቀልድ የሞላበት ስለ ነበረ ነው። አቅራቢዎቹ በመጠጥ ቤት እንደሚጫወት ሰው እየተሳሳቁ ይናገሩ ነበር። በዚሁ ጨዋታ መካከል ቱትሲዎችን «በረሮ» ይሏቸው ነበር። አድማጩ መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ለመደ፤ ከኤፕሪል 1994 ጀምሮ በነበሩት መቶ ያህል ቀናት ውስጥ ግን እስከ 800,000 የሚገመቱ ሰዎች በጎረቤቶቻቸው እጅ ጭምር ተገደሉ። በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ዲሴምበር 3 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. በሰጠው ፍርድ የጣቢያውን መሥራቾችና የአንድ ጋዜጣ አዘጋጅን በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ አድርጓል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም ማርች 20 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. የሀገሪቱን ፕሬዚዳንት በተቀበሉ ጊዜ ቤተ ክርስቲያንና አባላትዋ በዚያ ጊዜ ስለ ፈጸሙት ኃጢአት እግዚአብሔርን ይቅርታ እንደሚለምኑ ገልጸዋል።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ሰውን ወደ ነፍሳት ወይም ወደ እንስሳ የሚያወርድ ቀልድ አድማጩ ለዚያ ሰው ይሰማው የነበረውን ርኅራኄ ቀስ በቀስ ይሸረሽራል። የሳቁበትን ሰው ሲደበደብ ማየት ከማያሳዝነው ሰው በታች ምን አለ? በሀገራችንም በቅርብ ዓመታት የደረሰው ግጭት በብዙ ሥፍራ በመጠሪያ ስሞችና በማላገጥ የተቀደመ መሆኑን ምእመናን ያውቃሉ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ጥላቻን የሚያነሣሣ ንግግርን በሕግ ከልክሏል። ሕግ ግን የሚደርሰው ወደ አደባባይ ነው፤ የእራት ገበታችንን የሚጠብቀው የራሳችን ሕሊና ነው።

5. ወንድና ሴት አድርጎ ፈጠራቸው

አሁን በብዙዎች ዘንድ ይበልጥ ወደሚያከራክረው ነገር እንለፍ።

በንግግራችን ውስጥ ስለ ሴቶች የሚነገሩ ብዙ አባባሎች አሉ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይባላል፤ «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» የሚልም አለ። በሠርግና በማኅበር ላይ ሲነገሩ ሁሉ ይስቃል፤ ሴቶቹም ሳይወዱ በግድ ፈገግ ይላሉ። ዱላው በእውነት የሚያርፍባት እናት በዚያ ጉባኤ መካከል ተቀምጣ እንደ ሆነ ግን ማን ያስባል? በሳቁ ውስጥ የምትሰማው ነገር «ቢመቱሽም የሚያዝንልሽ የለም» የሚል ነው። ሴቶችን የሚያዋርደውን ተረት መተው የዘመን ፋሽን መከተል አይደለም፤ ሁለቱም በእግዚአብሔር አምሳል ተፈጠሩ የሚለውን ቃል ማክበር ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገር አለ። ድምፁ የቀጠነውን ወይም እናቱን በማጀት የሚያግዘውን ልጅ «ሴታሴት»፣ ኳስ የምትወደውንና ዛፍ የምትወጣውን ልጅ «ወንዳወንድ» ማለት የተለመደ ነው። ከልጆች መካከል ይህ ቅጽል የተለጠፈበት ልጅ መጀመሪያ ከጨዋታ፣ ቀጥሎ ከመዘምራን፣ በመጨረሻም ከትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ይቀራል። መምህሩም «ሰነፈ» ብሎ ስሙን ይሰርዛል። የቀረው ግን ስለ ሰነፈ ሳይሆን ስለ ተሳቀበት ነው። ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ እንደ ማንኛውም ልጅ አድገው ትዳር ይይዛሉ፤ ጥቂቶች ደግሞ ስለ ጾታ ማንነታቸው ወይም ስለ ዝንባሌያቸው ብርቱ የውስጥ ትግል ይኖራቸዋል። ለሁለቱም ወገኖች የእኛ ፌዝ የሚያመጣላቸው ፍሬ አንድ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያርቃቸዋል።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ሁላችን እንኮራበታለን። የህንደኬ መንግሥት በዛሬይቱ ሱዳን በሚገኘው በሜሮዌ እንደ ነበረ የታሪክ ሊቃውንት ቢናገሩም፣ አበው ይህን ሰው የእምነታችን በኩር አድርገው ቆጥረውታል። ነገር ግን ጃንደረባ መሆኑን ብዙ ጊዜ አናስተውለውም። በሮማውያንና በግሪኮች ዓለም ጃንደረባ የታወቀ የሳቅ ርእስ ነበር፤ የ2ኛው መቶ ዘመን ምጸተኛ ጸሐፊ ሉቅያኖስ በዚሁ ስም አንድ የፌዝ መጽሐፍ ጽፏል። በኦሪትም ሕግ እንዲህ ያለው ሰው ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይገባም ነበር (ዘዳ. 23፡1)። ስለዚህ ይህ ባለሥልጣን ያን ሁሉ መንገድ ተጉዞ ኢየሩሳሌም ሲደርስ እንደ ሌሎቹ ሊቆጠር አይችልም ነበር። ሲመለስ በሠረገላው ላይ የሚያነበው ስለ ተዋረደውና ፍርድ ስለ ተነፈገው አገልጋይ የተጻፈውን የኢሳይያስ ክፍል ነበር (ኢሳ. 53)። ጥቂት ምዕራፎች ዝቅ ብሎ ደግሞ ቃል ኪዳኑን ለሚጠብቁ ጃንደረቦች እግዚአብሔር በቤቱ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆች የሚበልጥ ስም እንደሚሰጣቸው ተጽፏል (ኢሳ. 56፡3-5)።

ቅዱስ ፊልጶስ ምን አደረገ? ሮጦ ደረሰበት፤ አጠገቡ ተቀመጠ፤ ከሚያነበው ቃል ጀምሮ ኢየሱስን ሰበከለት። ጃንደረባው «እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ ሲያቀርብ፣ ፊልጶስ ስለ ሰውነቱ አንድም ቃል ሳይናገር ወደ ውኃው ወረደ። ለካተኪስቶች ከዚህ የተሻለ መመሪያ የለም፤ መቅረብ፣ አብሮ መቀመጥ፣ ከሰውየው ጥያቄ መጀመር፣ ክርስቶስን መስበክ።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮችን አጣምሮ ይይዛል። በአንድ በኩል፣ ሰው ወንድና ሴት ሆኖ የተፈጠረ መሆኑን፣ ጋብቻም በአንድ ወንድና በአንዲት ሴት መካከል የሚፈጸም መሆኑን ታስተምራለች። ኤፕሪል 8 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. የወጣው «ዲግኒታስ ኢንፊኒታ» የተባለው የቅድስት መንበር ሰነድ የጾታ ልዩነትን የሚሽረውን ንድፈ ሐሳብ አይቀበልም። በሌላ በኩል፣ ያው ሰነድ ማንኛውም ሰው የጾታ ዝንባሌው ምንም ይሁን ምን በክብሩ እንዲከበር፣ ግፍና ጥቃት እንዳይደርስበት ያዛል። የእምነት ትምህርት ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1986 ለጳጳሳት በጻፈው መልእክት በእነዚህ ሰዎች ላይ በቃልም ሆነ በድርጊት የሚፈጸመውን ክፋት አውግዟል። ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2358 በአክብሮት፣ በርኅራኄና በጥንቃቄ እንድንቀበላቸው፣ ፍትሕ የጎደለው መድልዎ ምልክት እንኳ እንዳይታይ ያስተምራል። ስለዚህ ትምህርቱን ለመጠበቅ ሲል የሚያፌዝ ሰው ትምህርቱን ግማሹን ብቻ ይዟል። ፌዝ አንድን ሰው እንኳ ወደ እውነት መልሶ አያውቅም።

6. መቻቻል ምንድን ነው?

በአማርኛችን «መቻል» ሁለት ትርጉም አለው፤ ኃይል ማግኘትና መታገሥ። «ቻለው» ስንል ተሸከመው፣ ታገሠው ማለታችን ነው። መቻቻልም እንግዲህ አንዱ የሌላውን ሸክም መሸከም ነው፤ ሐዋርያው ኤፌሶናውያንን በፍቅር እርስ በርሳቸው እንዲታገሡ የመከራቸው ይህንኑ ነው (ኤፌ. 4፡2)። ደካማ ሰው ሊሸከም አይችልም፤ የሚችል ጽኑ ሰው ነው። ስለዚህ መቻቻል እምነት የሌለው ሰው ጠባይ ነው የሚሉ ተሳስተዋል።

ይሁን እንጂ መቻቻል ሁሉንም ሐሳብ እኩል እውነት ነው ማለት አይደለም። ሐኪም በሽተኛውን ይታገሣል፣ በሽታውን ግን ጤና ነው አይልም። ከሌላው ጋር በግልጽ አለመስማማት፣ ምክንያትን አቅርቦ መከራከር፣ መገሠጽም የተፈቀደ ነው። የተከለከለው ማዋረድ ነው። የማንስማማበትን ሰው ሐሳብ እርሱ ራሱ «አዎ፣ ያልሁት ይህን ነው» በሚለው መንገድ ማስረዳት ከቻልን አክብረነዋል፤ የምናውቀው በማላገጫ መልኩ ብቻ ከሆነ ግን ገና አልሰማነውም።

አዲሱ የዘመናችን ጠንቃቃነትም የራሱ አደጋ አለው። አንድ ሰው ከሃያ ዓመት በፊት የተናገረው ቃል ዛሬ ተቆፍሮ ወጥቶ፣ ሺዎች በስልካቸው እየተቀባበሉ ሲሳለቁበት እናያለን። ይህ ፌዝን በፌዝ መተካት ነው፤ ፈራጁ ተለወጠ እንጂ ድንጋዩ ያው ነው። ቅር የተሰኘ ሁሉ በእርግጥ ተበድሏል ማለትም አይደለም፤ የተነገረው እውነት ስለ ሆነ ብቻ የሚቆጣም አለ። ክርስቲያናዊ መንገድ ሁለቱን ይይዛል፤ የተናገረው ይጠንቀቅ፣ የሰማው ይቅር ለማለት ይዘጋጅ። ይቅርታ የሌለበት ጨዋነት በፍርሃት ላይ የቆመ ነው።

የእኛም እምነት ሲዘበትበት ይህ ሚዛን ይሠራል። ጃንዋሪ 7 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ከተማ በሃይማኖቶች ላይ በሚያላግጥ ጋዜጣ ላይ በተፈጸመ ጥቃት 12 ሰዎች ተገደሉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሲጠየቁ በእግዚአብሔር ስም መግደል ፍጹም የተሳሳተ መሆኑን፣ የመናገር ነጻነትም መብት መሆኑን፣ ሆኖም የሌላውን እምነት መስደብ እንደማይገባ ተናገሩ። እኚሁ አባት ጁን 14 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ከልዩ ልዩ ሀገሮች የመጡ ከመቶ በላይ ቀልደኞችን በቫቲካን ተቀብለው፣ ከምንወዳቸው ሰዎች ጋር እንደምንጫወት በእግዚአብሔርም ፊት መሳቅ እንደሚቻል፣ የምእመናንን ስሜት ግን መጉዳት እንደማይገባ ነግረዋቸዋል። ኃይል መጠቀምም ሆነ ጨዋታን ሁሉ መከልከል የክርስቲያን መልስ አይደለም።

7. በቤትና በቁምስና

የተማርነውን ወደ ሥራ ለመለወጥ ቀጥሎ ያለውን ልብ እንበል።

ሀ) ከመቀለድ በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፤ የሚሳቅበት ሰው እዚህ ቢኖር አብሮን ይስቃል? ቀልዱ የሚወርደው ከእኛ በሚያንስ ላይ ነው ወይስ በእኛው ላይ? ጉድለቱ ሰውየው ሊለውጠው የሚችል ነገር ነው ወይስ አብሮት የተወለደ?

ለ) በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ውስጥ ልጅ ሁሉ በጥምቀት ስሙ ይጠራ። መምህሩ ራሱ ቅጽል ስም ከተጠቀመ ክፍሉን ሁሉ ፈቀደላቸው ማለት ነው። የሚንተባተብ ልጅ ሲያነብ ሌሎቹ ቢስቁ መምህሩ ዝም አይበል፤ ልጁንም አስቁሞ ሌላ አያስነብብ፤ እስኪጨርስ በትዕግሥት ይጠብቀው።

ሐ) የሚስቀው አድማጭም የሥራው ተካፋይ ነው። መዝሙረኛው ብፁዕ ያለው በዋዘኞች ወንበር ያልተቀመጠውን ነው (መዝ. 1፡1)፤ ስለ ተናጋሪው ብቻ አልተናገረም። ሰብሳቢውን ሳያሳፍሩ ጨዋታውን ወደ ሌላ መመለስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ያለ ሳቅ የቀረ ቀልድ ሁለተኛ አይደገምም።

መ) በፌዝ የሰውን ስም ያጎደፈ ሰው በምሥጢረ ንስሐ ሲናዘዝ የመካስ ግዴታ እንዳለበት ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 2487 ያስተምራል። በአደባባይ ያዋረዱትን ሰው በአደባባይ ማክበር፣ በስውር ያዋረዱትን ሄዶ ይቅርታ መጠየቅ ይገባል። የሰረቀ ገንዘቡን እንደሚመልስ፣ የሰውን ክብር የወሰደም ይመልሳል።

ማጠቃለያ

ሐዋርያው ጳውሎስ ንግግራችን በጨው እንደ ተቀመመ እንዲሆን ይመክረናል (ቆላ. 4፡6)። ጨው በወጥ ውስጥ ሲገባ ያጣፍጣል፤ በቁስል ላይ ሲነሰነስ ግን ያቃጥላል። ጨው ያው ጨው ነው፤ የሚለየው ያረፈበት ቦታ ነው። የእኛም ጨዋታ እንዲሁ ነው። በየቤታችንና በየማኅበራችን ሣራ እንደ ሳቀችው ዓይነት፣ የሰማ ሁሉ አብሮ የሚስቀው ሳቅ እንዲበዛ፣ ማንም ሰው ግን ተሳቀብኝ ብሎ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዳይመለስ እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን የተለመዱ፣ ሰውን የሚያዋርዱ ምሳሌያዊ አነጋገሮች የትኞቹ ናቸው? በእነርሱ ፈንታ ለልጆቻችን ምን ልናስተምር እንችላለን?

2. ከትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ወይም ከመዘምራን የቀሩ ልጆች ለምን እንደ ቀሩ ጠይቀናልን? ማን ሄዶ ይጠይቃቸው?

3. ቅዱስ ፊልጶስ ለጃንደረባው ያደረገውን በቅደም ተከተል ተናገሩ። በቁምስናችን ውስጥ እንዲህ ልንቀርበው የሚገባ ሰው አለን?

4. ከማንስማማበት ሰው ጋር ሳንዋረድና ሳናዋርድ እንዴት መነጋገር እንችላለን? ምሳሌ በመስጠት ተወያዩ።